በእርጥብ ሚዛን ስለተቆረጠብን ድርቆሽ፦ ለእንስሳት ልማት ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለእንስሳት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለዓሣ ሀብት ክፍል፣ ለእንስሳት ጤና ክፍል እና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አርቢዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ በአኳፖኒክስ (ዓሣ በሚረባበት ውሃ ተክል በማብቀል) መኖ ታለማላችሁ በሚል የተሰረዘብን የድርቆሽ ድጋፍ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ የግጦሽ መሬት የሌለን፣ በግቢያችን አንድ ሁለት የወተት ላም፣ ጥቂት ፍየልና በግ፣ አንዳንዶቻችንም ዶሮ የምናረባ ቤተሰቦች ነን። ጽሕፈት ቤትዎ የዓሣ ገንዳ፣ ፓምፕ፣ የጠጠር አልጋና ገብስ የሚበቅልባቸው ዝርግ ትሪዎች ያሉትን የአኳፖኒክስ መሣሪያ ሲያከፋፍል ከተረከቡት መካከል ነን። ተረክበንም ጥግ አላስቀመጥነውም፤ እስከ ዛሬ ድረስ በየማለዳው ዓሣ እየመገብን፣ ትሪ እያጠብን፣ የበቀለውን ለከብቶቻችን እየሰጠን እንገኛለን። መሣሪያው በትክክል ከተያዘ ለቤተሰብ እንደሚጠቅም በዓይናችን ስላየን እንዲቀርብን አንፈልግም።

ባለፈው ወር የደረሰን ሰርኩላር ግን መሣሪያውን የተረከበ ቤተሰብ በቀን እስከ 40 ኪሎ ግራም መኖ በራሱ እንደሚያመርት በልኬት መረጋገጡን፣ በዚህም ምክንያት በመኖ ራሱን እንደቻለ ተቆጥሮ ከድርቆሽ ድጋፍ ዝርዝር መሰረዙን ያሳውቃል። ውሳኔው የተላለፈው ደረቁ ወቅት ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ከእኛ አንድም ሰው አልተጠየቀም፤ ልኬቱ እንዴት እንደተሠራም የተገለጸልን ነገር የለም። ልኬቱ ሲሠራ ግን በቦታው ነበርንና ያየነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

የቅሬታችን ሁሉ መነሻ ሚዛኑ ነው። ባለሙያዎቻችሁ ከአባሎቻችን አንዷ ቤት የመጡት በማለዳ፣ ትሪዎቹ ውሃ ከጠጡ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ለመሰብሰብ የደረሰው የሰባት ቀን ገብስ ከትሪው ላይ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሣ። ከሥር ያለው ነጭ የሥር ጥልፍልፍ እንደ ስፖንጅ ውሃ አዝሎ ስለነበር ከትሪው እስከ ሚዛኑ ድረስ ወለሉን እያረጠበ ሄደ፤ ሚዛኑ ላይ ካረፈም በኋላ ዙሪያውን ውሃ አቆረ። ጠፈፍ እስኪል እንኳ አልተጠበቀም። በዚያ ቀን የደረሱት ስድስቱም ትሪዎች በዚሁ ሁኔታ ተመዝነው 42 ኪሎ ግራም ተብሎ ተጻፈ፣ ተፈረመበትም። እኛም በዚያው ሰዓት ከዚያው ምንጣፍ አንድ ኪሎ ግራም ቆርጠን አስቀረን፤ በጥቃቅኑ ከትፈን በሽቦ ወንፊት ላይ አሰጣነው፤ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ምድጃ ውስጥ እያወጣን እየመዘንን፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አደረቅነው። በመጨረሻ ሚዛኑ ላይ የቀረው 130 ግራም ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ገጠመኝ አይደለም። በትሪ የሚበቅል ገብስ ደረቅ ይዘቱ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ሲሆን የተቀረው ውሃ ነው። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ግን ከ85 በመቶ በላይ ደረቅ ነው። ስለዚህ በሰነዳችሁ 42 ኪሎ ግራም ተብሎ የሰፈረው መኖ ውሃው ሲወጣለት 5.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ወደ ድርቆሽ ሲመነዘርም ከ6 ኪሎ ግራም ብዙ አይበልጥም። ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ሚዛን ላይ ወጡና አንዱ የሌላው ምትክ ነው ተባለ።

በዚህ ላይ ትሪው ላይ ስለተዘራው ዘር ሰርኩላሩ አንድ ቃል አይናገርም። እነዚያን 42 ኪሎ ግራም ለማግኘት አባላችን 7 ኪሎ ግራም ደረቅ ገብስ ዘፍዝፋ ነበር። ገብስ ሲከማች ከ100 እጅ 88 ያህሉ ደረቅ ስለሆነ፣ ወደ ትሪው የገባው ደረቅ መኖ 6.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን የወጣው 5.5 ኪሎ ግራም ነው። ይህ የአያያዝ ጉድለት አይደለም፤ ቡቃያው ሥርና ቅጠል የሚያወጣው በዘሩ ውስጥ ያለውን ስታርች እያቃጠለ በመሆኑና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከብርሃን የሚያገኘው ጉልበት ኢምንት በመሆኑ፣ በየትም ቢበቅል ከደረቅ ክብደቱ የተወሰነው ይጠፋል። ብቅል ያበቀለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በትሪ ማብቀል ለእንስሳው ቫይታሚን፣ ጥፍጥናና የምግብ ፍላጎት ይጨምርለታል፤ ለመፈጨት የቀለለ አረንጓዴም ይሰጠዋል፤ ይህንን እኛም እንመሰክራለን። የመኖን መጠን ግን አያበዛም። እኛ ገብስ ገዝተን በትሪ እያሳለፍን ስንመግብ ጽሕፈት ቤቱ ከምንም የተገኘ 42 ኪሎ ግራም አድርጎ መዘገበው።

የላሟን ፍላጎት ደግሞ እንመልከት። 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን የወተት ላም በቀን ከክብደቷ ከ2.5 እስከ 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ፣ ማለትም ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም ትፈልጋለች። ያ የተመዘነው ምርት በሙሉ ለአንዲት ላም ቢሰጥ ግማሿን ብቻ ያጠግባል። ሁሉንም በቡቃያ እንሙላ ብንል በየቀኑ 80 ኪሎ ግራም ገደማ መስጠት ሊኖርብን ነው፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 70 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ውሃ ነው። ቢቻል እንኳ አይገባም፤ ምክንያቱም የሚያመሰኳ እንስሳ የሚያስፈልገው ረዘም ያለ፣ ሸካራ፣ የሚታኘክ ጭረት ያለው መኖ ነው። ላም የምታመሰኳው ያ ጭረት ስላለ ነው፤ ስታመሰኳም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ወደ ትልቁ ጨጓራዋ ይወርዳል፤ ያ ምራቅ ነው በጨጓራዋ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያለዝበው። ድርቆሽና ጭድ የመኖው መሠረት ናቸው፤ ቡቃያው በዚያ ላይ የሚታከል ነው።

ይህን የምንለው ከንባብ ብቻ አይደለም። ከሰርኩላሩ በኋላ ድርቆሽ ያለቀባቸው አንድ አዛውንት አባላችን፣ የራሳቸውን ትሪ በሙሉ፣ ከጎረቤት ያገኙትንም ጨምረው ለአንዲት ላማቸው ሰጡ። በአራተኛው ቀን እበቷ እንደ ሾርባ ቀጠነ፤ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝታ ሳታመሰኳ አገኟት። ወተቷም ቅባቱ ሳስቶ በላዩ ላይ ክሬም አልወጣበትም። ከልጃቸው ቤት ጭድ አስመጥተው በትንሽ በትንሹ ሲሰጧት በሳምንት ውስጥ አገገመች። እኚህ ሰው ለዓመታት ከብት ያረቡ ናቸው፤ ቡቃያ ብቻ መስጠት እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። የሚሰጡት ሌላ ነገር ስላልነበራቸው ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ዓሣው ስለሚሰጠው ጥቅም የተነገረን ነገር ከእውነቱ እጅግ መራቁ ነው። በሥልጠናው ላይ የዓሣው ውሃ ነጻ ማዳበሪያ ስለሆነ መኖው ከወጪ ነጻ እንደሚበቅል ተነግሮናል። በአኳፖኒክስ ውስጥ ወደ ተክል የሚሄደው ናይትሮጅን (ተክል ፕሮቲን የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚመጣው ለዓሣው ከሚሰጠው መኖ ነው። የተሰጠን ገንዳ 1,000 ሊትር ይይዛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የአነስተኛ አኳፖኒክስ መመሪያ ለዚህ መጠን የሚመክረው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ዓሣ ነው። 20 ኪሎ ግራም ቆሮሶ (ቲላፒያ) በቀን 300 ግራም ቢመገብና መኖው 32 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው፣ በዚያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 15 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ዓሣው በሥጋው ያስቀረዋል። ከቀሪው አንዲት ጠብታ ሳትባክን ሁሉም ወደ ተክል ቢገባ እንኳ የሚገኘው የመኖ ፕሮቲን 70 ግራም አካባቢ ነው። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም ግን ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ፕሮቲን ትፈልጋለች። አንድ ገንዳ ዓሣ ለአንዲት ላም ከሚያስፈልጋት ከሃያ እጅ አንዱን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ በዚህ ገንዳ ምክንያት ሁለት ላሞችና አምስት ፍየሎች ራሳቸውን ቻሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንዲያስረዱን እንጠይቃለን።

የመሣሪያው አሠራርም መታየት ይገባዋል። የገብስ ትሪዎቹ ከዓሣው ገንዳ ጋር በቧንቧ ተገናኝተው መጡልን። ዘር ግን በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የሚበላው የራሱን ስንቅ ስለሆነ፣ በንጹህ ውሃ ቢጠጣም ሆነ በዓሣ ውሃ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ከዘሩ የሚታጠበው ስታርችና ገለፈት ወደ ገንዳው ተመልሶ ውሃውን አረፋ ያስደፍቀዋል፤ ሲበሰብስም ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይሻማል። ይህንን ያወቅነው ቧንቧውን በራሳችን ጊዜ ከለየን በኋላ ነው፤ ትሪዎቹን በንጹህ ውሃ ለብቻ ማጠጣት የጀመሩ አባሎቻችን የገንዳቸው ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠርቶላቸዋል።

የዓሣው ውሃ በእርግጥ የሚጠቅመው ምግቡን ከውሃው ለሚያገኝ ተክል ነው። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ደቃቅ አረንጓዴ ተክል፣ ዳክዊድ የሚባለው፣ ዓሣው የሚያስወጣውን አሞኒያ በቀጥታ ይመገባል፤ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ከደረቅ ይዘቱም ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ዶሮ ይወደዋል፤ ቆሮሶውም ራሱ ይበላዋል። እሱም ቢሆን ከ100 እጅ ከ90 በላይ ውሃ ስለሆነ በእርጥቡ ተመዝኖ ሌላ ሰርኩላር እንዳይወጣበት ከወዲሁ እናሳስባለን። አዞላ የሚባል ሌላ ተንሳፋፊ ተክልም አለ፤ በቅጠሉ ውስጥ አብሮት የሚኖር ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያስርለት ከውሃው የሚፈልገው በዋናነት ፎስፈረስ ነው። ሁለቱም ወደ ሐይቅና ወንዝ ካመለጡ ውሃውን የሚያለብሱ ተስፋፊ ተክሎች ስለሆኑ ጥንቃቄ ይሻሉ። በጠጠር አልጋው ላይ ደግሞ እየታጨደ የሚያቆጠቁጥ የመኖ ሣር ይበቅላል። ከሥልጠናው ሰነድ ውስጥ ስለ እነዚህ አንድ ገጽ እንኳ አልነበረም። ሰነዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ገብስ ትሪ ነው፤ ትሪ በፎቶግራፍ ላይ ቶሎ አረንጓዴ ሆኖ ይታያልና።

ሦስተኛው፣ ብዙዎቻችንን ያስለቀሰው፣ የዓሣዎቹ ሞት ነው። ገንዳው በተተከለበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ዓሣው መጥቶ ተጨመረ። አኳፖኒክስ ግን ዓሣና ተክል ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ለዓሣው ጉዳት የማያደርስበት፣ ለተክሉም ምግብ የሚሆነው የመጨረሻው ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠሩ ላይ ተራብተው ሥራቸውን በሙሉ አቅም እስኪጀምሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ውሃው ከቀዘቀዘም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህ ጊዜ አልተሰጠንም። የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ) መመርመሪያም አብሮ አልመጣም።

ውጤቱን በአንዲት አባላችን ቤት አይተነዋል። በሁለተኛው ሳምንት ዓሣዎቹ ውሃው ከቧንቧ የሚወርድበት ጥግ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ እየዘጉ ነበር። ፓምፑ ይሠራል፣ ውሃው ይፏፏል፣ እነሱ ግን አየር ያጡ ይመስላሉ። ከሞቱት አንዱን አንስተን ስንጥቡን ገልጠን ስናይ ደማቅ ቀይ መሆን የነበረበት የቡና ዓይነት ቀለም ይዟል። ናይትራይት በደም ውስጥ ሲገባ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ቀለሙም ይህን ይመስላል። ከአርባ ዓሣ የተረፉት ስድስት ናቸው። ምግቡን ማቆም፣ ከውሃው ሲሶውን መቀየርና መጠነኛ ጨው መጨመር ሊያድናቸው ይችል እንደነበር ያነበብነው ኋላ ነው፤ በዚያ ቀን የሚነግረን ሰው አጣን፤ የተሰጠን ስልክም አልተነሣም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስናመለክት የተጻፈልን ምላሽ የአያያዝ ጉድለት የሚል ነው። ሴትዮዋ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣች ገንዳዋን ስትጠብቅ ያደረች ናት። ይህ ቃል በስሟ ላይ ተመዝግቦ በመቅረቱ ለሁለተኛ ዙር ዓሣ ሳትመዘገብ ቀርታለች።

ሌሎች ሁለት ቤቶች ደግሞ ገንዳቸውን በቀጥታ ከቧንቧ ውሃ ሞልተው ዓሣቸውም ባክቴሪያውም በክሎሪን ተጎድቷል። ክሎሪን ያለበት ውሃ ክፍት ሆኖ አንድ ሁለት ቀን አየር እየተነፋበት ሲቆይ ክሎሪኑ ይለቀዋል፤ ውሃው ክሎራሚን በሚባል የክሎሪን ውሁድ የታከመ ከሆነ ግን በማቆየት ብቻ አይለቅም፣ የሚያከሽፈው ነገር ሊጨመርበት ይገባል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ውሃ የሚያቀርበው ክፍል ነው፤ ጠይቆ በሥልጠናው ሰነድ ላይ አንድ መስመር መጻፍ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነበር።

አራተኛው የዘሩ ጉዳይ ነው፤ አጭር ቢሆንም ከሁሉም የከፋ አደጋ ሊያስከትል ይችል የነበረው እሱ ነው። በሦስተኛው ዙር የተከፋፈለን ገብስ ለእርሻ የተዘጋጀ፣ በፀረ ፈንገስ ኬሚካል የታሸ ዘር ነበር። ከረጢቱ ተፈትቶ በሌላ ከረጢት ስለተላለፈ ማስጠንቀቂያው አብሮ አልመጣም። አንዲት እናት ማታ በባልዲ ዘፍዝፈውት ጠዋት ሲከፍቱት ውሃው ሮዝ ሆኖ ቢያገኙት ደነገጡና ለሁላችንም ደወሉ። እንዲህ ዓይነት ዘር ቀለም የሚቀባው ሰውም ከብትም እንዳይበላው እንዲለይ ነው። እሳቸው ባያስተውሉ ኖሮ በሰባተኛው ቀን ምንጣፉ ለሚታለቡ ላሞች፣ የታጠበበት ውሃም ወደ ዓሣው ገንዳ ይሄድ ነበር። ለጽሕፈት ቤቱ በዚያው ቀን በቃልም በጽሑፍም አሳውቀናል፤ ዘሩ ከሌሎች ቤቶች መሰብሰብ አለመሰብሰቡን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ከዚሁ ጋር፣ በተሰጠን መመሪያ ላይ በትሪው ላይ ሻጋታ ቢታይ በውሃ አጥቦ መመገብ ይቻላል የሚለው እንዲሰረዝ እንጠይቃለን። በበቀለ ገብስ ላይ ከሚወጡት ሻጋታዎች መካከል አስፐርጊለስ ክላቫተስ የሚባለው ከብቶችን የሚያንቀጠቅጥና የኋላ እግራቸውን የሚያሽመደምድ መርዝ እንደሚያመነጭ በእንስሳት ሕክምና የታወቀ ነው። ሻጋታው ላይ ላዩን ቢታጠብም ክሩ በሥሩ ውስጥ ስለሚቀር ትሪው በሙሉ ነው መጣል ያለበት። ትሪን በክሎሪን ማጠብ ጥሩ ነው፤ ያ እጣቢ ግን ወደ ዓሣው መመለስ እንደሌለበት መመሪያው አይናገርም።

አምስተኛው፣ ስንቸገር የምንሄድበት በር ማጣታችን ነው። ዓሣ ሲታመም ወደ እንስሳት ጤና ክፍል ስንሄድ ወደ ዓሣ ሀብት ይመሩናል፤ እዚያ ስንደርስ እናንተ ከብት አርቢዎች ናችሁ እንባላለን። ይህ መንከራተት ብቻ ቢሆን በታገሥን ነበር፤ ግን ጉዳት የሚያመጣ ምክርም ተሰጥቶናል። ገንዳው አልጌ ሲያበዛ አንድ ባለሙያ መዳብ ሰልፌት እንድንጨምር ነግሮን ነበር። ከዚያው ውሃ የበቀለውን የሚበሉ በጎች እንዳሉን አልጠየቀንም። በግ መዳብን በጉበቱ እያጠራቀመ ቆይቶ አንድ ቀን ደሙ በድንገት ፈርሶ የሚሞት፣ ከቤት እንስሳት ሁሉ ለመዳብ በጣም ስስ የሆነ እንስሳ ነው፤ ዳክዊድም ብረታ ብረትን ከውሃ ውስጥ ስቦ ያከማቻል። ገንዳውን በጥላ ብንሸፍነው አልጌው ይቀንስ ነበር፤ እንደዚያው አድርገን ተገላገልን። በአንድ ግቢ ዓሣ፣ ተክልና ከብት በአንድ ውሃ ሲያያዙ ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱንም አንድ ላይ የሚያይ ባለሙያ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

ስለ መብራት መቋረጥ ብዙ አንጽፍም፤ ፓምፑ በሌሊት ሲቆም ኦክስጅኑ እንደሚያልቅና ዓሣ በተጨናነቀበት ገንዳ ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ እንደሚደርስ እርስዎም ያውቁታል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መምጣት ነበረበት።

ከላይ በዘረዘርናቸው ምክንያቶች የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ከድርቆሽ ድጋፍ ዝርዝር የተሰረዝንበት ውሳኔ ደረቁ ወቅት ከመግባቱ በፊት ተሽሮ ወደ ቀድሞ ድርሻችን እንድንመለስ፤ ይህን ለማጣራት ጊዜ ያስፈልጋል ከተባለም እስኪጣራ ድረስ ድጋፉ እንዳይቋረጥ እንጠይቃለን። ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይህ መዘግየት አይችልም፤ ላሞቻችን የሚበሉት ዛሬ ነው።

ልኬቱ በደረቅ ይዘት እንደገና እንዲሠራ፣ ከምርቱም ላይ የተዘራው ዘርና ለዓሣው የተሰጠው መኖ ተቀንሶ እንዲመዘገብ እንጠይቃለን። ማኅበራችን የ11 ቤቶችን የማድረቅ መዝገብ ይዟል፤ ባለሙያዎቻችሁ ሲመጡ አብረውን ይመዝኑ፣ አብረውን ያድርቁ።

አዲስ ገንዳ የሚተከልላቸው ቤተሰቦች ባክቴሪያው እስኪደራጅ ዓሣ እንዳይጨመርላቸው፣ ለነባሮቹም ለአዲሶቹም የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች መመርመሪያ እንዲሰጥ፣ የትሪዎቹ ውሃ ከዓሣው ውሃ እንዲለይ፣ መመሪያውም ስለ ዳክዊድ፣ ስለ አዞላና ስለ መኖ ሣር ተጨምሮበት፣ የሻጋታው ምክርም ወጥቶለት እንደገና እንዲታተም እንጠይቃለን። ለማብቀያ የሚከፋፈለው ዘር ያልታሸ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥልን፤ የታሸው ዘር የት የት ቤት እንደደረሰም ተጣርቶ ይነገረን።

ዓሣ ለሞተባቸው አባሎቻችን በመዝገብ የሰፈረው የአያያዝ ጉድለት የሚለው ቃል ተነሥቶ በሁለተኛው ዙር እንዲካተቱ፣ ዓሣውንም ተክሉንም ከብቱንም በአንድነት የሚከታተል አንድ ተጠሪ ባለሙያ በስሙና በስልኩ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።

ምላሽዎን ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። በተጠቀሱት ቤቶች ተገኝተው ገንዳውን፣ ትሪውንና በረቱን በዓይንዎ ለማየት ከፈቀዱ፣ በየትኛውም ማለዳ፣ ትሪዎቹ ከመታጠባቸው በፊት እንቀበልዎታለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በቤታቸው በአኳፖኒክስ መኖ የሚያለሙ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ
በማኅበሩ አባላት ስም